ያልተመዘገበው ምርቃት

ሰው ሌባ ሲባል ቢያንስ አንድ የጠፋ ዕቃ ይኖራል። እኔ ግን የተዋረድኩት የሽምብራ ዋጋ አልጨመረም ብዬ ስለጻፍኩ ነው። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ነገሩ ካለፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ዛሬም ሳስታውሰው ፊቴ ይግላል።

በዚያን ጊዜ ደብረ ታቦር ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምር ነበር። ጎን ለጎን፣ ስሙን ከማልጠራው አንድ ሩቅ ያለ ዩኒቨርሲቲ፣ በስታቲስቲክስ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማር ነበር። ትኩረቴ ፋይናንስና ኢኮኖሜትሪክስ ነው። ዘመዶቼ ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ባንክ ልትገቢ ነው?» ይሉኛል። ባንክ የመግባት ሐሳብ አልነበረኝም። የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ገበሬ እህሉን ጎተራ አስቀምጦ፣ እሱን አስይዤ ልበደር ሲል፣ አበዳሪዎቹ «የእህል ዋጋ አይታመንም» ብለው ይመልሱታል። ምን ያህል ነው የማይታመነው? ማን ለካው? የመመረቂያ ጽሑፌ ይህን ለመለካት የተነሳ ነበር፤ ዋጋ ከሳምንት ሳምንት የሚዋዥቀውን መዝግቦ፣ የሚቀጥለውን መዋዠቅ በሞዴል መገመት።

ሦስት ገበያ መረጥኩ፤ ደብረ ታቦር፣ ይፋግና ሐሙሲት። ደብረ ታቦርና ይፋግ ዋጋ የሚነግሩኝ ነጋዴዎች ሚዛን ያላቸው፣ በኪሎ የሚሸጡ ናቸው። ሐሙሲት ላይ ግን ዋጋ የሚነግሩኝ እትዬ ዘሀራ ነበሩ። እትዬ ዘሀራ ዕድሜያቸው ሐምሳን የተሻገረ፣ እዚያው ሐሙሲት ተወልደው እዚያው ጥራጥሬ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው፤ እናቴ ሽሮዋን የምታዘጋጀው ከሳቸው በገዛችው ሽምብራ ነበር። የሚሸጡት በጣሳ ነው። መንገድ ሲመቸኝ ሐሙስ ሐሙስ እሄዳለሁ፤ ሳይመቸኝ ገበያው ሳይበተን እደውላለሁ። መደወሌንም አልደበቅኩም፣ በዘዴው ምዕራፍ ላይ በግልጽ ጽፌዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ቀጠልኩ።

መልሳቸው ብዙ ጊዜ አንድ ነበር። «ያው ነው ልጄ።»

ቁጥሩን በግራፍ ሳወጣው የሌሎቹ የሁለቱ ገበያ መስመር ሲወጣና ሲወርድ፣ የሐሙሲቱ ወራት ሙሉ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከዚያ ድንገት አንድ ደረጃ ይወጣና እንደገና ቀጥ ይላል። አማካሪዬ መጀመሪያ ሲያየው ፊቱን አጨፈገገ።

«አትጠገብ፣ ይኼ ነገር ያስጠረጥራል» አለኝ። «ትንሽ አነቃንቂው።»

«እንዴት ነው የማነቃንቀው?»

«ታውቂያለሽ እኮ። አንድ ሁለት ብር እዚህም እዚያም።»

አልነካሁትም። የሰጡኝን ነው የጻፍኩት፤ ያልሰጡኝን አልጽፍም አልኩ። ይህን የምነግራችሁ ራሴን ላሞግስ አይደለም። ቀጥሎ የመጣውን በትክክል እንድትፈርዱት ነው።

የመመረቂያ ጽሑፌ መከላከያ ቀን በነሐሴ ወር፣ በአንድ ረቡዕ ዋለ። መንገዱ አስተማማኝ ስላልነበረ በኢንተርኔት እንድከላከል ተፈቅዶልኛል። ክረምት ስለሆነ ትምህርት ቤታችን ዝግ ነው፤ ርዕሰ መምህሩ የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ ሰጡኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፄ አይሰማም ብዬ ፈርቼ ነበር። ስክሪኑ ላይ ሦስት ሰዎች አሉ፤ ሰብሳቢው፣ አማካሪዬና ከሌላ ተቋም የተጋበዘው የውጭ ፈታኝ። ፈታኙ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጽሑፌን ያገላብጣል።

አቅርቤ ስጨርስ የመጀመሪያውን ጥያቄ እሱ ጠየቀ።

«ወይዘሪት አትጠገብ፣ ሐሙሲት ሰው ይኖርበታል?»

«አዎ፣ ዶክተር።»

«ሰው ካለ ገበያው ይንቀሳቀሳል። በዚህ ግራፍ ላይ የማየው ግን የሞተ ሰው የልብ ምት ነው። ጎረቤት ገበያዎች ይወጣሉ ይወርዳሉ፤ ይሄ ቀጥ። የት ቁጭ ብለሽ ነው የሞላሽው?»

በትክክል ያልሰማሁ መሰለኝ። «ይቅርታ?» አልኩ።

«ሦስተኛው ገበያ ሲደርስ ደከመሽ። ያለፈውን ሳምንት ቁጥር እየገለበጥሽ ወረድሽ። ከገጠር የሚመጣ መረጃ እንዴት እንደሚሠራ እኛም እናውቃለን። ይህ ፈጠራ ነው።»

ፈጠራ። ሰው ፊት፣ ሁለት ዓመት ጭቃ ላይ ለተመላለስኩበት ሥራ። አማካሪዬን አየሁት። ዓይኑን ስክሪኑ ሥር ወዳለ አንድ ነገር ጣለ። መረጃው የመጣው ከእውነተኛ ነጋዴ ነው፣ ስልካቸውን ልስጣችሁ አልኩ። ፈታኙ ሳቅ ብሎ «ነጋዴ ምን ብለሽ ብታስጠኚያት አትልም?» አለ።

ሰብሳቢው ትሑት ሰው ነው፤ ነገር ማብረድ ይወዳል። እስከ ዓርብ ስምንት ሰዓት ማስረጃ እንዳቀርብ ወሰነ። ካልቻልኩ ጉዳዩ ለዲሲፕሊን ይመራል። ያ ማለት ዲግሪው ቀረ ማለት ብቻ አይደለም። መረጃ ፈጥሯል ተብሎ የተባረረ ሰው ስታቲስቲክስ በሚባል ሙያ ዳግም ስሙ አይጠራም፤ አስተማሪነቴም ቢሆን በዚያች ትንሽ ከተማ ምን ተብሎ እንደሚወራበት አውቃለሁ።

ስክሪኑ ከጠፋ በኋላ አማካሪዬ ደወለ።

«ነግሬሽ ነበር እኮ፣ ትንሽ አነቃንቂው ብዬ።»

«አንተ ዝም ያልከው ለዚህ ነው?»

«እኔ ምን ልበል? እሱ ትልቅ ሰው ነው።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። በሕይወቴ ካደረግኋቸው ነገሮች አንዱም እንደዚያ ደስ አሰኝቶኝ አያውቅም። እስቲ አስቡት! ቁጥሩን ፈጥሬው ቢሆን ኖሮ ማንም አይጠይቀኝም ነበር። የተከሰስኩት ስላልፈጠርኩ ነው።

በማግስቱ ሐሙስ ነው፤ የሐሙሲት ገበያ ቀን። ጠዋት መነኻሪያ ወርጄ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ያዝኩ፣ ወረታ ላይ ቀየርኩ፣ አራት ሰዓት ሳይሆን ደረስኩ። እጄ ላይ አንድ ወረቀት አለ፤ «እኔ ዘሀራ እገሌ ለሁለት ዓመት የሽምብራ ዋጋ ለአትጠገብ መናገሬን አረጋግጣለሁ» የሚል። ሐሳቤ ፈርመውልኝ፣ በቀበሌ ማኅተም አስደርጌ መመለስ ነበር።

እትዬ ዘሀራ ከመደባቸው ላይ በላስቲክ ዳስ ሥር ተቀምጠዋል። ከፊታቸው የሽምብራ፣ የምስርና የጓያ ጆንያ አፉ ተገልብጦ ቆሟል። ሲያዩኝ ብድግ አሉ።

«ምን ሁነሽ ነው ልጄ? ፊትሽ ክስል ብሏል!»

ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ሻሻቸውን አጠበቁ።

«ቆይ፣ ቆይማ። አንቺ ከኔ ሰምተሽ ነው የጻፍሽው?»

«አዎ እትዬ።»

«እንግዲያማ ውሸታም የተባልሁት እኔ ነኝ! ወላሂ፣ ይኸ ሰውዬ የማን ልጅ ነው? ሠላሳ ዓመት እዚህ ስቀመጥ አንድ ሰው ዘሀራ ዋሸችኝ ብሎኝ አያውቅ!»

ወረቀቱን አውጥቼ ላነብላቸው ስል አንዲት ዣንጥላ የያዘች ሴት ጣልቃ ገባችና ሁለት ጣሳ ሽምብራ አዘዘች። እትዬ ዘሀራ ጣሳውን ሞሉ፣ አፉን በመዳፋቸው ጠረግ አደረጉ፣ ዘንቢሏ ውስጥ ገለበጡት። ሴትዮዋ ዘንቢሉን ከፍታ ጠበቀች።

«መርቂኝ እንጂ ዘሀራ!»

«ዛሬ ምርቃት የለም።»

«ኧረ ምነው? በፋሲካ ጊዜ ሁለት ሁለት እፍኝ ስትጨምሪልኝ አልነበር?»

«በፋሲካ ጊዜ ነዋ። አሁን እኮ ክረምት ነው፣ እህሉ ከየት ይምጣ?»

ሴትዮዋ እያጉረመረመች ከፍላ ሄደች። እኔ ወረቀቱን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ምርቃት። ገበያ የሄደ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ሻጭ ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ ከላይ የምትጨምራት። ልጅ ሆኜ እናቴን ተከትዬ በመጣሁ ቁጥር የሰማሁት ቃል ነው። ምርቃቱን ጨምሪ፣ ምርቃት አጉድለሽብኛል፣ ያለ ምርቃት አልወስድም። እኔም ገዝቼ ተመርቄ አውቃለሁ። በሁለት ዓመት ጥናቴ ግን አንድም ቀን አልጻፍኩትም።

«እትዬ ዘሀራ፣ ዋጋው ያው ሆኖ ምርቃቱ ይለያያል?»

እንደ ጅል አዩኝ። «ታዲያ በምን ልኑር? ጣሳው ሰማኒያ ብር ነው ካልሁ ሰማኒያ ነው። ሰማኒያ ሦስት ብል ዝርዝሩን ከየት አመጣለሁ? ደንበኛውስ ይቀየመኛል፤ ዘሀራ ዋጋ ጨመረች ይላል። ዋጋውን አልነካም። እጄን ነው የምሰበስበው። እህል ሲረክስ ሁለት እፍኝ፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ጭብጥ፣ ከዚያ ምንም። ምንም ላይ ደርሼም ካላዋጣኝ ያን ጊዜ ዋጋውን አንዴ ከፍ አደርጋለሁ።»

አፉ ያልተፈታ አንድ ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። ግራፌ ልክ ይህንን ነው የሚለው። ወራት ቀጥ፣ ከዚያ ድንገት አንድ ደረጃ። ዋጋው ሲዋዥቅ የኖረው ጣሳው ላይ፣ በእትዬ ዘሀራ እጅ ነው።

«እንዴት አልነገሩኝም?» አልኩ። ድምፄ የወቀሳ ነበር፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

እትዬ ዘሀራ ተቆጡ። «እኔ ነኝ ያልነገርሁሽ? በየሐሙሱ በስልክ ነግሬሽ የለም እንዴ!»

«መቼ?»

«በየሐሙሱ አልሁሽ እኮ!»

ስልኬ ርካሽ ቢሆንም አንድ ጥሩ አመል አለው፤ ማንኛውንም ጥሪ ራሱ ይቀዳል። አጠፋዋለሁ እያልኩ ሳላጠፋው ቀርቻለሁ። በዚያ የገበያ ጫጫታ መሐል አንድ ጆሮዬን በመዳፌ ደፍኜ መስማት ጀመርኩ።

«ሽምብራ ስንት ዋለ እትዬ?» ይላል የኔ ድምፅ።

«ያው ነው ልጄ። ምርቃቱን ግን ወደ አንድ እፍኝ አውርጄዋለሁ፣ እህሉ ከደራ ገጠር እየመጣ አይደለም፣ የገበሬው ሁሉ—»

«እሺ እትዬ፣ ዋጋውን ብቻ ይንገሩኝ።»

«ያው ነው አልሁሽ እኮ።»

ሌላውን ከፈትኩ። «ያው ነው፣ ዛሬ ግን የመረቅሁት ጭብጥ ብቻ ነው።» «ዋጋውን ብቻ እትዬ።» ሌላውን። ሌላውን። አንዱ ላይማ እየሳቅሁ፣ ካርዴ እያለቀ ነው ወሬውን ሌላ ቀን እናወራዋለን ብያቸዋለሁ። ወሬ! ፈታኙን ከረቡዕ ጀምሮ በልቤ ስረግመው ነበር፤ እዚያ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ግን እርግማኑን ለሁለት አካፈልኩት። እሱ እትዬ ዘሀራን ሳያያቸው ውሸታም አላቸው። እኔ እያየኋቸው፣ እየወደድኳቸው፣ አፋቸውን ዘጋሁት። የትኛችን እንደምንብስ እስከ ዛሬ አልቆረጥኩም።

«አገኘሽው?» አሉኝ እትዬ ዘሀራ።

«አገኘሁት። ነግረውኛል። እኔ ነኝ ያልሰማሁ።»

ትንሽ አዩኝና ሳቁ። «አየሽ፣ ያንቺ ምርቃት በኔ ምርቃት ሊቀር ነበር በይኛ!»

ለመሳቅ ጊዜ አልነበረም። ከማዶ ከሚሸጠው የቡና ነጋዴ ሚዛን ተዋስን። ጠረግ የተደረገ ጣሳ መዘንኩ። ከዚያ የእትዬ ዘሀራን እፍኝ፣ ከዚያ ጭብጣቸውን። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ እጅ ሁልጊዜ እኩል አይዘግንም። ሃያ ጊዜ አስዘገንኳቸው፣ ሃያ ጊዜ መዘንኩ፣ አማካዩን ያዝኩ። ገበያተኛው ከቦን ቆመ። አንዱ «መንግሥት ነው የላካት?» ሲል ሰማሁ። እትዬ ዘሀራ ቀና ሳይሉ «ልጄ ናት፣ ዞር በል!» አሉት።

ደብረ ታቦር ተመልሼ፣ ዓርብ ጠዋቱን በሙሉ ቅጂዎቹን እየሰማሁ የእያንዳንዱን ሳምንት ምርቃት ሞላሁ። በስልክ ያልጠየቅኩባቸውን፣ በአካል የሄድኩባቸውን ሳምንታት ባዶ ተውኳቸው፤ እዚያም አልገመትኩም። ከዚያ ዋጋውን ለእውነተኛው ክብደት አካፈልኩና ግራፉን እንደገና አወጣሁ። መስመሩ ተነሳ። ወጣ፣ ወረደ፣ ከይፋግና ከደብረ ታቦር መስመር ጋር አብሮ ሄደ። ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ አለቀስኩ፤ የንዴት ይሁን የደስታ አላውቅም።

ሰባት ተኩል ሲሆን የኮምፒውተር ክፍሉ በር ተንኳኳ። እትዬ ዘሀራ ናቸው፤ የነገርኳቸውን ሰዓት ይዘው ከሐሙሲት መጥተዋል፤ ነጠላቸው ረጥቧል፣ ብብታቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል።

«እርስዎ ደግሞ በዚህ ዝናብ ምን አመጣዎት?»

«የሰውዬውን ፊት ማየት አለብኝ» አሉ። ፌስታሉን ሲፈቱት ጣሳቸው ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ሦስቱም ስክሪኑ ላይ ወጡ። ግራፉን አሳየሁ፣ አራት ቅጂ አሰማሁ፣ ሚዛኑን አስረዳሁ። ስጨርስ ፈታኙ መነጽሩን አወረደ።

«ደስ የሚል ታሪክ ነው» አለ። «ግን እፍኝ መለኪያ አይደለም። በሳይንስ ቋንቋ እፍኝ የሚባል ነገር የለም።»

እትዬ ዘሀራ ወንበራቸውን ጎትተው ከአጠገቤ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ጣሳውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«እንዴት ዋሉ ጌታው። እኔ ዘሀራ ነኝ፣ ሽምብራ የምሸጠው። አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

ፈታኙ ሰብሳቢውን የሚያይ መሰለኝ። «ይጠይቁ።»

«ሽምብራ ገዝተው ያውቃሉ?»

«እኛ… ከሱቅ ነው። ታሽጎ፣ በኪሎ።»

«እህ። እንግዲያ የማያውቁትን ገበያ ነው ሞቷል ያሉት። ልጄን ሌባ፣ እኔን ውሸታም ያደረጉት በማያውቁት ነው። እኔ ቢሮዎ መጥቼ ኮምፒውተርዎ ሐሰት ነው ብልዎት ምን ይሉኝ ነበር?»

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገና ለብቻቸው እንዲመክሩ አስወጣን። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲመልሱን ሰብሳቢው በፈገግታ አነበበ፤ ጽሑፉ ከመለስተኛ ማሻሻያ ጋር አልፏል፣ የምርቃቱ ጉዳይም አዲስ ግኝት ስለሆነ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይሁን። አማካሪዬ ያን ጊዜ አፉ ተከፈተ። «ጆርናል ላይ ልናወጣው እንችላለን» አለ። ልናወጣው! ረቡዕ ዕለት ብቻዬን ነበርኩ፣ ዓርብ ብዙ ሆንን።

ማመስገን ይጠበቅብኝ ነበር። አላመሰገንኩም።

«ረቡዕ የተባልኩትስ?» አልኩ።

ሰብሳቢው አልገባውም። «ምኑ?»

«ፈጠራ ነው ተብያለሁ።»

«ኧረ እሱማ በቃል የተባለ ነው፣ ቃለ ጉባኤ ላይ አልሰፈረም። አያሳስብሽ።»

«እንግዲያው ዛሬ ይስፈር። 'መረጃ ፈጥራለች ተብላ ተከሳ ነበር፣ ተጣርቶ ሐሰት ሆኖ ተገኝቷል' ተብሎ ይጻፍልኝ። ሦስታችሁም ፈርሙበት።»

ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ነዘረ። የአማካሪዬ መልእክት ነው፤ «ተይው፣ ውጤትሽን አታበላሺ» ይላል። ሰውየውን ስክሪኑ ላይ እያየሁት ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ፈታኙ «ይህ የልጅ ነገር ነው» አለና ምስሉ ጠፋ። ኔትወርኩ ይሁን እሱ አላወቅንም፤ ዳግም ግን አልገባም።

ያለ እሱ ፊርማ ውጤቴ አይጸድቅም። ዓረፍተ ነገሩ ይጻፍ ማለቴን ካልተውኩ ደግሞ እሱ አይፈርምም። እንዲህ ተፋጠን መስከረም መጣ፣ ጥቅምት መጣ፣ የክፍል ጓደኞቼ ጋዋናቸውን ለብሰው ፎቶ ሲነሱ እኔ ደብረ ታቦር ጥቁር ሰሌዳ ፊት ነበርኩ። ሰው ሁሉ መከረኝ። እናቴ ሳትቀር «መጀመሪያ ወረቀቱን ያዢ፣ ቁጣው በኋላ ይደርሳል» አለችኝ። እኔ ግን ደብዳቤ መጻፍ አላቆምኩም፤ ለትምህርት ክፍሉ፣ ለዲኑ፣ ለድኅረ ምረቃ ቢሮው። አምስተኛው ደብዳቤ ላይ አንድ ሰው የሰለቸው መሰለኝ። በሚያዝያ ቃለ ጉባኤው መጣ፣ ያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሰፍራበት፣ ሦስት ፊርማ አርፎባት፤ ውጤቴም ጸደቀ።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ በተለይ ወረቀት ይዛችሁ ሰው የምትጠይቁ፣ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። የጠየቃችሁት ሰው ካሰባችሁት በላይ ሲያወራ አታቋርጡት። እኔ ተማሪዎቼን ዛሬ የማስተምረው መጀመሪያ ይህን ነው፣ ሞዴሉን በኋላ። ደግሞም ሳታዩት «ፈጠራ ነው» የምትሉ ሊቃውንት ካላችሁ፣ አንዲት ቃል በአፍ ስለተነገረች ብቻ የምትተን አይምሰላችሁ። የተናገራት ይረሳታል፤ የተነገረባት ሰው ግን እንቅልፍ አጥታባታለች።

ቃለ ጉባኤው የደረሰኝ ቀን ለእትዬ ዘሀራ ደውዬ ዓረፍተ ነገሯን ቃል በቃል አነበብኩላቸው። ሰሙ፣ እንደገና አስነበቡኝ።

«ፈርሟል?»

«ፈርሟል።»

«ይቅርታስ ብሎሻል?»

«አላለም።»

«እኔንስ?»

«እርስዎንም አላለም።»

ከኋላቸው የገበያው ጫጫታ ይሰማኛል፣ ሽምብራ የሚጠይቅ ሰው አለ።

«እንግዲያ አልጨረስሽም በይኛ» አሉና ደንበኛቸው ጋ ሄዱ።

አልጨረስኩም። ይህን የጻፍኩትም ለዚህ ነው።